ፔዳሉ ሲላላ አየር ለማስወጣት አይቸኩሉ

ከወንጪ አፋፍ ተነሥቶ አምቦ የሚገባ መኪና ከ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ከጌዶ ወደ ባኮ የሚወርደውም፣ ወደ ሙገር ሸለቆ የሚገባውም ሾፌር የሚተማመነው እግሩ ሲረግጠው በሚመልስለት ፔዳል ነው። ስለዚህ ዕድሜ በጠገበ ዲኤክስ፣ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር ወይም ሚኒባስ ላይ ፔዳሉ አንድ ቀን እንደ ወትሮው ሳይመልስ ሲቀር መደንገጥ ተገቢ ነው። ጥፋቱ ያለው ከድንጋጤው በኋላ በሚሠራው ነገር ላይ ነው። ዘይት ይጨመራል፣ አየር ይወጣል፣ ፔዳሉ ለጊዜው ይነሣል፣ መኪናውም ወደ ሥራው ይመለሳል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ያው ነገር ይደገማል።

የሚደገምበት ምክንያት ግልጽ ነው። የፍሬን መስመር ከማስተር ሲሊንደሩ እስከ ጎማዎቹ ድረስ ዝግ ነው። ዘይቱ ሲጫኑት ስለማይጨመቅ እግርዎ የሰጠውን ኃይል ሳያጎድል ሸራው ጋ ያደርሳል፤ አየር ግን ይጨመቃል፤ መስመሩ ውስጥ ከገባ ኃይሉን ይበላዋል። ዝግ መስመር ውስጥ አየር በራሱ አይፈጠርም፤ በሆነ ቦታ ገብቷል፣ ወይም ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል። የገባበትን ሳይፈልጉ አየሩን ብቻ ማስወጣት ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መጥረግ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የላላ ፔዳል ሁሉ አየር ያለበት አለመሆኑ ነው። የማስተሩ ጎሚኒ ሲያልቅ፣ የኋላ ሸራ ከታምቡሩ ሲርቅ፣ የጎማ ቱቦ ሲያብጥ ፔዳሉ በየራሱ መንገድ ይላላል። አየር ለማስወጣት የቸኮለ ሰው እነዚህን ምልክቶች አደባልቆ ያጠፋቸዋል፤ በመጨረሻም የትኛው ዕቃ መቀየር እንዳለበት የሚነግረው ነገር አይተርፈውም። አየር ማስወጣት በዚህ መመሪያ ከመጨረሻዎቹ ደረጃዎች አንዱ የሆነው ለዚህ ነው።

መመሪያው ፍሬኑ በዘይት ለሚሠራ፣ ኤ ቢ ኤስ ለሌለው የቆየ መኪና ነው። በታንከር ውስጥ በታመቀ አየር ፍሬን የሚይዙ ከባድ መኪኖች ሌላ አሠራር ስላላቸው እዚህ አይገቡም።

1. መኪናውን አስተማማኝ አድርገው ያቁሙ

ሜዳ የሆነ ጠንካራ መሬት ይምረጡ፤ በክረምት የረጠበ ጭቃ ላይ ክሪክ አይቆምም። መኪናው ከመንገድ የመጣ ከሆነ እስኪበርድ ይጠብቁ። ይህ ለእጅዎ ብቻ ሳይሆን ለምርመራውም ያስፈልጋል፤ ሲሞቅ ብቻ የሚላላ ፔዳልና በርዶም የሚላላ ፔዳል ምክንያታቸው የተለያየ ነው። በማይነሡት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ወይም እንጨት ያስደግፉ። የተነሣውን መኪና ግን በክሪክ ብቻ ተማምነው ከሥሩ አይግቡ፤ በብረት መደገፊያ ወይም በወፍራም ግንድ ጉማጅ ያስቀምጡት። ብሎኬት መደገፊያ አይሆንም፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደት አንድ ጎን ሲጫነው ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ አንድ ጠርሙስ፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ እንዲሁም ለአየር ማስወጫው ቡሎን ልክ የሆነ ቀለበት ቁልፍ፤ ይህ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ቁጥር ነው። በቀለበት ቁልፍ ፈንታ ክፍት ቁልፍ ወይም ፒንሳ መጠቀም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የዛገች ትንሽ ቡሎን ጠርዟ ከተላገ በኋላ የግማሽ ሰዓቱ ሥራ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በመጨረሻም አንድ ረዳት ያስፈልግዎታል። ፔዳሉ ላይ የሚቀመጠው ሰው ዝም ብሎ የሚረግጥ ሳይሆን የሚሰማውን የሚናገር ይሁን።

2. ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ የሚለውን ይስሙ

የምርመራው እምብርት ይህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ሞተሩን ያጥፉና ፔዳሉን 5 ወይም 6 ጊዜ ይርገጡ። ይህን የሚያደርጉት ሰርቮው፣ ማለትም ከማስተሩ ኋላ ያለው እግርዎን የሚያግዝ ክብ ጣሳ፣ ያጠራቀመውን እገዛ እንዲጨርስ ነው። ከዚያ በኋላ እግርዎ የሚያገኘው የዘይቱን መስመር ብቻ ነው። አሁን ፔዳሉን ለቀው ጥቂት ይቆዩ፣ ከዚያ በመካከለኛ ኃይል አንድ ጊዜ ይርገጡና ይያዙት። ከሦስት ነገሮች አንዱን ያገኛሉ።

አንደኛው እንደ ስፖንጅ የሚለጠጥ ፔዳል ነው፤ ይወርዳል፣ እየወረደ ይገፋዎታል፣ የት ላይ እንደቆመ ግን አይታወቅም። ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ ይላል፣ ይጠነክራልም። ይህ በአብዛኛው አየር ነው፣ አለዚያም የሚያብጥ ቱቦ ነው። ሁለተኛው በጣም ዝቅ ብሎ የሚይዝ፣ ሲይዝ ግን ድንጋይ የሆነ ፔዳል ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ርግጫ ወደ ላይ ይነሣል። እዚህ አየር የለም፤ ሸራው ከታምቡሩ ስለራቀ ዘይቱ ረጅም መንገድ እየሄደ ነው። ሦስተኛው መጀመሪያ ጥሩ ይዞ፣ እግርዎን ሳያነሡ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ነው። ይህ ማለት ዘይቱ ከቦታው እየሸሸ ነው፤ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ወይም በማስተሩ ውስጥ ጎሚኒውን አልፎ እየተመለሰ።

ሦስተኛውን ለማግኘት አንድ ጥንቃቄ አለ። በኃይል ብቻ ረግጠው «ይዟል» ብለው አይለፉ። ያረጀ ጎሚኒ በከባድ ግፊት ተለጥጦ ግድግዳው ላይ ሊጣበቅና ሊይዝ ይችላል፤ በቀላል ግፊት ግን ዘይቱን ያሳልፋል። ስለዚህ ምርመራውን ሁለት ጊዜ ያድርጉት፤ አንዴ በኃይል፣ አንዴ በቀስታ፣ እያንዳንዱን ለ1 ደቂቃ ያህል በመያዝ። ሾፌሮች «ቁልቁለት ላይ ደህና ይይዛል፣ ከተማ ውስጥ ቆሜ ስጠብቅ ግን ይሰምጣል» ሲሉ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ሰሚው ግን ብዙ ጊዜ አያምናቸውም።

ከዚያ እግርዎን ፔዳሉ ላይ እንደያዙ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ ይህ ሰርቮው መሥራቱን ያሳያል እንጂ ብልሽት አይደለም። ይህን ትንሽ መውረድ አይቶ ማስተር የሚቀይር ሰው ገንዘቡን ያለ ጥቅም ያወጣል።

እዚህ ላይ «ደጋ ስለሆነ ነው፣ ከፍታው ፍሬን ያላላል» የሚል ክርክር ይነሣል። ከፍታ በፍሬን ላይ ለውጥ ማምጣቱ እውነት ነው፤ የሚያመጣው ለውጥ ግን ተቃራኒው ነው። ሰርቮው እግርዎን የሚያግዘው በውጭው አየር ግፊት ነው። አምቦ ላይ ያ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 78 በመቶ ገደማ ነው፤ ወንጪ አፋፍ ላይ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። እገዛው ሲቀንስ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ይጠነክራል፤ አይላላም። ስለዚህ መኪናዎ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ፔዳሉ ጠንከር ቢልብዎ ከፍታውን ይጠርጥሩ። ከላላ ግን ምክንያቱ መኪናው ውስጥ ነው።

3. ከመጨመርዎ በፊት ዘይቱን ይመርምሩ

የማጠራቀሚያውን ክዳን ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ይጥረጉ፤ የመንገድ አቧራ አንዴ ከገባ ጎሚኒ ይቧጥጣል። መጠኑን ይዩ። ዘይቱ ትንሽ ጎድሎ ሸራውም ያለቀ ከሆነ መጉደሉ የተፈጥሮ ነው፤ ሸራው ሲሳሳ ዘይቱ ተከትሎት ወደ ጎማው ይሄዳል። ሸራው ደህና ሆኖ ዘይቱ ከጎደለ ግን የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። በዚህ ጊዜ ጨምሮ መሄድ ማስረጃን መደምሰስ ስለሆነ፣ ከመጨመርዎ በፊት የነበረበትን መስመር በእስክርቢቶ ምልክት ያድርጉበት።

ቀለሙም ይናገራል። አዲስ ዘይት ንጹሕ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ነው። እንደ ቡና የጠቆረ ዘይት አርጅቷል፣ ጎሚኒም እየበላ ሊሆን ይችላል። ሌላው የሚፈተነው ነገር የበለጠ አሳሳቢ ነው። በአማርኛ «የፍሬን ዘይት» ስለምንለው ብዙ ሰው ዘይት ይመስለዋል፤ ስሙ አሳስቶ ሲጎድል የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት ያስጨምራል። የፍሬን ፈሳሽ ግን በባሕርይው ከሞተር ዘይት ጋር ዝምድና የለውም፤ ከውሃ ጋር የሚዋሐድ ኬሚካል ነው። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒዎች ሁሉ ያሳብጣል፣ ያለሰልሳልም። ለመለየት ከማጠራቀሚያው ጥቂት ጠብታ ቀድተው ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጣሉ። ከውሃው ጋር ከተዋሐደ ትክክለኛው ነው። ውሃው ላይ ከተንሳፈፈ ዘይት ገብቶበታል። የክዳኑ ውስጥ ጎማ አብጦ ተጣሞ ከተገኘ ይህንኑ ያረጋግጣል። እንዲህ ከሆነ ምርመራው እዚህ ያበቃል። መስመሩ በሙሉ ታጥቦ ማስተሩ፣ የጎማ ቱቦዎቹና በየጎማው ያሉት ጎሚኒዎች ሁሉ መቀየር አለባቸው። ወጪው ከባድ ነው፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ቀይሮ መንገድ መውጣት ግን ተሳፋሪንም እግረኛንም ለአደጋ የሚዳርግ ነገር ነው።

4. የሚፈስበትን ይፈልጉ

ረዳትዎ ፔዳሉን ተጭኖ ይያዝ፤ እርስዎ በባትሪ መስመሩን ከማስተሩ ጀምረው ይከተሉ። የብረት ቱቦዎች መጋጠሚያ፣ ተጣጣፊዎቹ የጎማ ቱቦዎች፣ የካሊፐሮቹ ዙሪያ፣ ከጎማው በውስጥ በኩል ያለው ገጽ ሁሉ ይታያል። በውስጥ በኩል የረጠበ ጎማ የታምቡር ሲሊንደር ማፍሰሱን ያሳያል። የጭቃና የዝናብ ወቅት ከሆነ ርጥበቱ ውሃ ይሁን የፍሬን ዘይት መለየት ያስቸግራል፤ በጣት ሲነኩት የሚያንሸራትት፣ በፀሐይ ቶሎ የማይደርቅ ከሆነ ዘይት ነው።

ሰዎች የሚዘነጓቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ታምቡሩ ውስጥ ነው። ሲሊንደሩ ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ የጎማ ቆብ ዘይቱን ለረጅም ጊዜ ደብቆ ሊይዝ ይችላል፤ ታምቡሩን አውልቀው ቆቡን በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ ያድርጉት። ሥሩ ከረጠበ ሲሊንደሩ አልቋል። ታምቡሩን ሲያወልቁ ውስጡ ያለውን አቧራ በአፍም በኮምፕሬሰርም አይንፉት። የቆዩ ሸራዎች አስቤስቶስ የያዙ ሊሆኑ ስለሚችሉና ያ አቧራ ሳንባ ስለሚጎዳ በረጠበ ጨርቅ ያንሡት። ሁለተኛው ቦታ በማስተሩና በሰርቮው መካከል ነው። የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ሰርቮው ውስጥ ይገባል፤ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አትታይም። «ዘይት ይጎድላል፣ ግን የትም አይፈስም» የሚለው ግራ መጋባት ከዚህ ይመጣል። ማስተሩን የያዙትን ዳዶዎች ፈትተው የብረት ቱቦዎቹን ሳያጥፉ ትንሽ ወደ ፊት ይሳቡትና ኋላውን በጨርቅ ይዳብሱ።

5. የሚሰምጠው ፔዳል

ውጩ ሁሉ ደረቅ ሆኖ ፔዳሉ ከሰመጠ ጥፋቱ የማስተሩ ነው። ጎሚኒው ብቻ ይቀየር ወይስ ማስተሩ በሙሉ የሚለው ክርክር በየጋራዡ አለ። ጎሚኒ ርካሽ ነው፤ የማስተሩ የውስጥ ግድግዳም እንደ መስተዋት ለስላሳ ከሆነ በቂ ነው። ፈትተው ውስጡን በባትሪ ይመልከቱ። የዝገት ነጥብ ወይም በጥፍር የሚያዝ ጭረት ካለ ግን አዲሱ ጎሚኒ በዚያው ጭረት ይበላል፤ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ማስተር ገዝቶ እንዳለ መግጠምም ብልሃት አይደለም። ተፈትቶ ደርቆ የከረመ ጎሚኒ ይሰነጣጠቃልና ያገለገለ ከተገዛ ቢያንስ ጎሚኒው ይቀየር። አዲስ ማስተር ሲገጠም ደግሞ ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ርዝመት ከአሮጌው ጋር ይመሳከር፤ አጭር ከሆነ ፔዳሉ ያለ ሥራ ብዙ ይወርዳል፣ ረጅም ከሆነ ፍሬኑ ሳይለቅ ይሞቃል።

6. ዝቅ ብሎ የሚይዘው ፔዳል

እዚህ አንድ ቀላል ፈተና ብዙ ገንዘብ ያድናል። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይሳቡና ፔዳሉን ይርገጡ። ቀድሞ ዝቅ ይል የነበረው ፔዳል አሁን ከፍ ብሎ ከያዘ ጥፋቱ የኋላ ሸራዎች ከታምቡሩ መራቃቸው ነው፤ የእጅ ፍሬኑ አስጠግቷቸው ክፍተቱ ጠፍቷልና።

በአካባቢያችን ይህ ብልሽት የሚበዛበት ምክንያት አለ። በብዙዎቹ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ የኋላ ሸራ ራሱን እያስተካከለ የሚሄደው የእጅ ፍሬን በተሳበ ቁጥር ነው። ሾፌሩ ግን መኪናውን ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አስደግፎ መሄድ ለምዷል። የእጅ ፍሬን ካልተሳበ ማስተካከያዋ አትሠራም፤ ካልሠራች በጭቃና በዝገት ትያዛለች፤ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ክፍተቱ እየሰፋ ፔዳሉ ወር በወር ዝቅ ይላል። አመጣጡ ዝግ ያለ ስለሆነ ሾፌሩ እግሩን አብሮ ያስለምዳል፤ የሌላ ሰው እግር እስኪረግጠው ድረስም አይታወቀውም። እናም የእጅ ፍሬን መሳብን ልማድ ማድረግ ይህን ብልሽት ከምንጩ ያደርቀዋል።

ለማስተካከል የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ጎማውን ያንሡ፣ ከታምቡሩ ኋላ ባለችው ቀዳዳ በካቻቢቴ ጥርስ ያላትን ማስተካከያ ያዙሩ። ጎማው በእጅ ሲዞር እስኪያዝ ያጥብቁ፣ ከዚያ በነፃነት ዞሮ ትንሽ ብቻ እስኪያሽ ድረስ ይመልሱ። በሁለቱም ወገን እኩል ያድርጉት፤ አለዚያ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ማስተካከያዋ ከተያዘች በግድ አያዙሯት፤ ታምቡሩን አውልቀው ያጽዷት። በሸራ ፈንታ ብረት ለብረት የተፋጨ ታምቡር ካገኙ ማስተካከል አይጠቅምም፤ ሸራው ይቀየር፣ ታምቡሩም ይለካ።

የእጅ ፍሬኑ ምንም ለውጥ ካላመጣ ወደ ፊት ጎማዎች ይሂዱ። ጎማውን አንሥተው ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት። ኩሺኔታው ከላላ ዲስኩ እየተንቀጠቀጠ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቀጣዩ ርግጫ ያንን ክፍተት ለመሙላት ያልቃል። ይህ በተለይ ኮረኮንች መንገድ ከተጓዙ በኋላ የመጀመሪያዋ ርግጫ ብቻ ዝቅ ስትል ይታወቃል።

7. እንደ ስፖንጅ የሚለጠጠው ፔዳል

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይመልሱ፤ የሚላላው ሁልጊዜ ነው ወይስ ቁልቁለት ከወረደ በኋላ ብቻ? ቁልቁለት ሲያልቅ ላልቶ ሲበርድ የሚመለስ ከሆነ አየር የገባበት ቀዳዳ አይፈልጉ፤ ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ሳይዋሐድ የተጠራቀመ ውሃ ካለ ደግሞ አምቦ ላይ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጉዳዩ ይከፋል። ተጭኖ ከወንጪ የወረደ መኪና ዲስኮች ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፉታል። መፍትሔው ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው፤ በየ2 ዓመቱ መቀየር ይመከራል። ከዚህ ጋር የአነዳድ ነገርም አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ መልቀቅ የመኪናውን ክብደት ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥላል። ሽቅብ በወጡበት ማርሽ መውረድ ሸክሙን ለሞተሩ ያካፍላል።

ይህን በሙቀት ከሚመጣ ሌላ ችግር ይለዩት። ፔዳሉ ከፍ ብሎ፣ ጠንክሮ፣ መኪናው ግን አልቆም ካለ ዘይቱ አልፈላም፤ ሸራው ራሱ ግሎ መያዝ አቅቶታል። የሸራውን ጥራትና ዘይት የነካው መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ።

ሁልጊዜ የሚለጠጥ ከሆነ ደግሞ የጎማ ቱቦዎቹን ይዩ። ረዳትዎ በኃይል ሲረግጥ እያንዳንዱን ቱቦ በእጅዎ ይዘው ይሰማዎት፤ የሚያብጥ፣ የተሰነጠቀ ወይም በጣት ሲጫኑት የሚለሰልስ ካለ ይቀየር። አንዱ ካረጀ ሌሎቹም የዚያው ዘመን ናቸውና ሁሉንም አንድ ላይ መቀየር ያዋጣል። ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ አየር አለ፤ በደረጃ 4 የፈለጉትን ቦታ እንደገና ያስቡ፤ መስመሩ በቅርቡ ተከፍቶ ወይም ዘይቱ አልቆ እንደነበረም ይጠይቁ። የገባበት ከታወቀና ከተጠገነ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

8. አሁን አየሩን ያስወጡ

ዘይቱ በታሸገ ዕቃ የተገዛና ያልተከፈተ ይሁን፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ የተቀመጠ ዘይት ውሃ ስቧል። የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን የዶት ቁጥር ይከተሉ። ማስተሩ ፊትና ኋላን ለይቶ በሚመግብባቸው እንደ ዲኤክስና ሃይሉክስ ባሉ መኪኖች ከማስተሩ በጣም ከራቀው ይጀመራል። መሪያቸው በግራ ለሆነ መኪኖች መጀመሪያ የኋላ ቀኝ፣ ቀጥሎ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ ማለት ነው። የፊት ጎማ በሚነዳባቸው ብዙ መኪኖች መስመሩ ሰያፍ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ይለያል፤ የመኪናውን መጽሐፍ ያማክሩ። ፒክአፕ ከሆነ ከኋላ አክሰሉ በላይ ጭነት የሚመጥን ቫልቭ መኖሩን ይዩ፤ የራሱ ማስወጫ ቡሎን ካለው እርሱም አየር ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም ይረሳል።

ቱቦውን ቡሎኑ ላይ ይሰኩ፣ ሌላውን ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ። ረዳትዎ ቀስ ብሎ ይርገጥና «ያዝኩ» ይበል፤ እርስዎ ይክፈቱ፣ ይዝጉ፤ ከዘጉ በኋላ ብቻ ይልቀቅ። ሳይዘጋ ከለቀቀ ያወጣችሁት አየር ይመለሳል። አረፋ እስኪጠፋ ይድገሙ፣ በየመካከሉ ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ ይሙሉ።

ሁለት ስሕተቶች እዚህ ብዙ መኪና አበላሽተዋል። አንደኛው ፔዳሉን እስከ ወለል መርገጥ ነው። ባረጀ ማስተር ውስጥ ጎሚኒው ለዓመታት ያልነካው የግድግዳ ክፍል ዝገትና ደለል አለበት፤ ወደዚያ ሲገባ ይቧጠጣል። «ፍሬኑ አየር ከመውጣቱ በፊት ይሻል ነበር» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ፔዳሉ ሥር የእንጨት ጉማጅ ያስቀምጡና ጉዞውን ይገድቡት። ሁለተኛው የቀኝና የግራ ካሊፐር ተቀያይሮ መገጠም ነው። ያን ጊዜ ማስወጫው ቡሎን ወደ ታች ይዞራል፤ አየር ግን ወደ ላይ ስለሚወጣ አንድ ጀሪካን ዘይት ቢያፈሱ እንኳ አይለቅም። ቡሎኑ ከካሊፐሩ ከፍተኛ ቦታ ላይ መሆኑን ዓይንዎ ያረጋግጥ።

ቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዲያው በውሃ ይታጠብ፤ ቀለም ይልጣል። ያወጡትን አሮጌ ዘይት በመጠጥ ጠርሙስ አያስቀምጡ። መርዝ ነው፤ ሕፃን የአምቦ ውሃ ጠርሙስን ከመርዝ አይለይም።

9. ከመውጣትዎ በፊት ይፈትኑ

የደረጃ 2ን ምርመራ ከመጀመሪያው ይድገሙ፤ የተለወጠውን በእግርዎ ያነጻጽሩ። ከዚያ በዝግታ፣ ባዶና ሜዳ በሆነ ቦታ ከትንሽ ፍጥነት እየተነሡ ይያዙ። «ደጋግሜ ስረግጠው ይይዛልና እስከ ጉደር ልድረስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ይተዉት። አምቦና ጉደር በ12 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ደጋግሞ ለመርገጥ ግን ጊዜ ያስፈልጋል፣ ልጅ ወይም ከብት መንገድ ውስጥ ሲገባ ያ ጊዜ አይገኝም። «ቦሎ ታድሷል» የሚለውም መከራከሪያ አይሆንም፤ የቦሎው ምርመራ የሚናገረው ስለተደረገበት ቀን ነው፣ ጎሚኒ ግን በማግሥቱም ይቀደዳል። መንገድ ላይ ሳሉ ፔዳሉ ከላላብዎ ቶሎ ቶሎ ይርገጡ፣ ማርሽ እየቀነሱ፣ የእጅ ፍሬኑን በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ እየሳቡ ዳር ይያዙ። ቆመው ጎማ ለማስደገፍ የተጠቀሙበትን ድንጋይ ከመንገዱ ሳያነሡ አይሂዱ።

የመጀመሪያው ማታ በየጎማው ሥር፣ እንዲሁም በማስተሩ ትይዩ ካርቶን ያንጥፉ፤ ዘይቱ አሁን ያለበትንም መስመር ማጠራቀሚያው ላይ በእስክርቢቶ እንደገና ምልክት ያድርጉበት። ጠዋት ሞተር ሳያስነሡ ካርቶኑን ይዩ፣ ማጠራቀሚያው ላይ ያደረጉትን አዲሱን ምልክት ይዩ፣ ፔዳሉንም አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ለ1 ደቂቃ ይያዙ። ካርቶኑ ደረቅ፣ ዘይቱ በምልክቱ ላይ፣ ፔዳሉም ባለበት ከቆመ ጥገናው ይዟል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከተለወጠ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ።